የጀማሪው እጅና የነጋዴው ደረቅ ጣውላ

ለገዛ ቤቱ መደርደሪያ ወይም በርጩማ ለመሥራት መጋዝ አንሥቶ የጀመረ ሰው፥ ከጥቂት ወራት በኋላ መሣሪያውን ጥግ አስይዞ «ይህ ሥራ ለእኔ አልተፈጠረም» ሲል ቢሰማ፥ ሰሚው ሁሉ ነገሩን በሰውዬው ስንፍና ወይም በእጁ አለመቅናት ይተረጉመዋል። ጉዳዩ ተመርምሮ ሲታይ ግን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የጀማሪው ብቻ ሆኖ አይገኝም። ጣውላው እርጥብ ሳለ ተሸጦለታል፤ መጋዙ ገና ሥራ ሳይጀምር ደንዝዟል፤ ማዕዘን መለኪያው ራሱ ጠማማ ነበር። እነዚህም ሦስቱ ነገሮች ወደ ጀማሪው እጅ የገቡት በነጋዴ በኩል ነው። ስለዚህ በቢቸናና በሞጣ ለሚገኙት ባለ ሱቆች፥ ዕቃውንም ከውጭ አገር ለሚያስመጡላቸው ነጋዴዎች የሚቀርበው አሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም ሰው ቤቱን በገዛ እጁ ማደስ እንዲለምድ የሚፈለግ ከሆነ፥ የጀማሪው ድርሻ ትዕግሥት ሲሆን፥ የነጋዴው ድርሻ ደረቅ እንጨትና የታመነ መሣሪያ ማቅረብ ነው።

በምሥራቅ ጎጃም የእንጨት ሥራ እንግዳ ሙያ አይደለም። የእነማይም ሆነ የሁለት እጁ እነሴ ገበሬ ሞፈሩንና ቀንበሩን፥ እርፉንና ድግሩን የሚጠርበው ራሱ ነው፤ ከብረት የሆነውን ማረሻ ብቻ ከባለሙያ ይገዛል። ለሞፈር የሚሆነውን እንጨት ከሌላው ለይቶ ያውቃል፤ አስቀድሞ ቆርጦም እስኪደርቅ ያቆየዋል እንጂ በእርጥቡ ወደ እርሻ አያወጣውም። በቢቸና አጠገብ በምትገኘው በዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ሊማሩ የሚመጡ የአብነት ተማሪዎችም፥ እንደ ሌሎቹ የአብነት ትምህርት ቤቶች ልማድ፥ የሚያድሩበትን ጎጆ በገዛ እጃቸው ሲቀልሱ ኖረዋል። እንግዲህ የከተማው ሰው «ጀማሪ ነኝ» በሚልበት ጊዜ፥ አባቱና አያቱ ያውቁት የነበረውን ሥራ እንደገና መጀመሩ እንጂ አዲስ ነገር መፍጠሩ አይደለም።

ይህ ሙያ ከከተማው ሰው እጅ የራቀበት አንዱ ምክንያት የቆየ ንቀት ነው። ባለ እጅን በሙያው ስም እየጠሩ መስደብ በኢትዮጵያ ሥር የሰደደ ክፉ ልማድ ስለ ነበረ፥ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ይህን ስድብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ከዚያም በኋላ መንግሥት በአዲስ አበባ የተግባረ ዕድን ትምህርት ቤት በ1934 ዓ.ም. አቆመ፤ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ በባሕር ዳር የተከፈተው የፖሊቴክኒክ ተቋም ከብረታ ብረት፥ ከጨርቃ ጨርቅና ከኤሌክትሪክ ትምህርት ጋራ የእንጨት ሥራን ያስተምር ነበር። ትምህርት ቤት ግን ባለሙያ ያወጣል እንጂ፥ የየቤቱ ሰው መዶሻ እንዲይዝ አያደርግም። ለዚህ የሚያስፈልገው ሰፈር ውስጥ ያለ ሱቅ ነው።

አሳቡ በዚህ ጊዜ የሚነሣበትም በቂ ምክንያት አለ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ ከውጭ አገር የሚመጣ ዕቃ ሁሉ የሚገዛበት ብር በዝቷል፤ የቤት ዕቃም ከዚህ አላመለጠም። በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. ክረምት ግጭት ከተነሣ በኋላም መንገድ የተቋረጠበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ ለሁለቱ ከተሞች የንግድ ጉሮሮ ነው። መኪና በማይመጣበት ሳምንት፥ የተገነጠለ መዝጊያውን ራሱ መጠገን የሚችል ሰውና የማይችል ሰው እኩል አያድሩም። ከዚህም ሌላ የጎጃም ባሕር ዛፍ አጣና ወደ አዲስ አበባ፥ በመተማም በኩል እስከ ሱዳን ሲሸጥ ቆይቷል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ ግን፥ ንግድን በሩቅ ገዢ ላይ ብቻ መጣል ምን ያህል እንደሚያሠጋ ታየ። እንጨቱን እዚያው በበቀለበት አገር ሰንጥቆ፥ አድርቆና ሠርቶ መሸጥ ለክፉ ቀን መጠባበቂያ ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ወደ እንጨቱ እንመለስ ቢባል፥ በቅድሚያ የሚነሣው ባሕር ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ ከአውስትራሊያ መጥቶ በምኒልክ ዘመን፥ በ1887 ዓ.ም. ገደማ፥ ወደ ኢትዮጵያ እንደ ገባ ይነገራል። ዋንዛ፥ ጽድ፥ ዝግባና ኮሶ ለበርና ለቤት ዕቃ የተመረጡ ቢሆኑም፥ ቁጥራቸው በእጅጉ ስለ ተመናመነ የደን ሕግ ጥበቃ ያደርግላቸዋል፤ ምንጩ ያልታወቀ የዋንዛ ጣውላ የሚገዛ ነጋዴም ራሱን ለክስ ያጋልጣል። ስለዚህ ጀማሪው ሊማርበት የሚገባው እንጨት በየጓሮው የሚበቅለው ባሕር ዛፍ ነው። ይሁን እንጂ ባሕር ዛፍ ጠንካራና ታዛዥ ያልሆነ እንጨት ነው። በተቆረጠ ጊዜ ከጫፉ ይሰነጠቃል፤ እርጥብ ሳለ ተሠርቶ በኋላ ሲደርቅ ይጣመማል።

ምክንያቱም የታወቀ ነው። አዲስ በተቆረጠ እንጨት ውስጥ ያለው ውሃ አንዳንድ ጊዜ ከደረቁ እንጨት ክብደት ጋራ እስከ መተካከል ይደርሳል። በመጀመሪያ በእንጨቱ ባዶ ቀዳዳዎች ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ይወጣል፤ በዚህ ጊዜ ጣውላው ይቀልላል እንጂ መጠኑ እምብዛም አይለወጥም። ውሃው ከደረቁ ክብደት ወደ 30 ከመቶ ገደማ ሲወርድ ግን፥ የቀረው እርጥበት ከእንጨቱ ግድግዳ ራሱ መውጣት ይጀምራልና ጣውላው ይኮማተራል። የሚኮማተረውም በወርዱ ነው እንጂ በርዝመቱ አይደለም። 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው እርጥብ የባሕር ዛፍ ጣውላ እስኪደርቅ ድረስ ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ሊጠብ ይችላል። ጀማሪው አምስት እንዲህ ያሉ ጣውላዎች አጋጥሞ መዝጊያ ቢሠራ፥ ከጥቂት ወራት በኋላ በመካከላቸው ጣት የሚያስገባ ክፍተት ያያል። ያን ጊዜ የሚወቅሰው እጁን ነው፤ ሊወቀስ የሚገባው ግን እርጥቡን እንደ ደረቅ አድርጎ የሸጠለት ነው።

እንጨት ማድረቅ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ጊዜና ሥርዓት ነው። ጣውላው ከመሬት ከፍ ባለ ድንጋይ ላይ ይደረደራል፤ በእያንዳንዱ ድርብ መካከል እኩል ውፍረት ያላቸው ቀጫጭን እንጨቶች፥ አንዱ በአንዱ ትክክል ላይ ሆነው ይገባሉ፤ ከላይ ቆርቆሮ ይለብሳል፥ ጎኑ ግን ለነፋስ ክፍት ይሆናል። የየጣውላው ጫፍ ቀለም ወይም ሰም ቢቀባ መሰንጠቁ ይቀንሳል። ፀሓይ በቀጥታ እንዲያገኘው ማድረግ ያደረቀው ይመስላል እንጂ ያበላሸዋል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለዚህም ይሠራል። ባለሙያዎች በልማድ የሚመሩበት ልክ፥ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ጣውላ አንድ ዓመት ያህል ነው።

መድረቁን ለማወቅ ደግሞ ባለ ሱቁ ሌላ መሣሪያ መግዛት አያስፈልገውም፤ ሚዛኑ በፊቱ ነው። ከክምሩ መካከል አንድ አጭር ጣውላ ለይቶ በየሳምንቱ ይመዝን፤ ክብደቱንና ቀኑን በራሱ በጣውላው ላይ በእርሳስ ይጻፍ። ቁጥሩ በየሳምንቱ እየወረደ ከሄደ እንጨቱ ገና ውሃ እየሰጠ ነው። በበጋ ወራት ለተከታታይ ሳምንታት ሳይወርድ አንድ ልክ ላይ ከቆመ ግን እንጨቱ ከአገሩ አየር ጋራ ተስማምቷል፤ ለሥራም ደርሷል። ቅቤና ማር በግራም ለይቶ የሚሸጥ ነጋዴ ይህን ማድረግ አይሳነውም። ቁጥር የተጻፈበትን ጣውላ ያየ ገዢም ያለ ብዙ ንግግር ያምናል።

ሁለተኛው ነገር መሣሪያ ነው። ለጀማሪ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፤ አንድ የእጅ መጋዝ፥ አንድ መዶሻ፥ አንድ መላጊያ፥ ሁለት መሮ፥ ሜትር፥ ማዕዘን መለኪያ፥ ውሃ ልክ፥ የእጅ መሰርሰሪያና የሚስሉበት ድንጋይ። ከውጭ አስመጪው ግን ብዙ ጊዜ ዋጋውን ብቻ አይቶ ያዛል፤ እጀታው የሚወልቅ መዶሻና ጥርሱ የሚታጠፍ መጋዝ ሱቁን ይሞላዋል። ልምድ ያለው አናጢ በመጥፎ መሣሪያ እንኳ ጥሩ ሥራ ሊሠራ ይችላል፤ ጉድለቱን ያውቀዋልና። ጀማሪው ግን የመሣሪያውን ጉድለት ከራሱ ጉድለት ለይቶ ስለማያውቅ፥ ከሁሉ ይልቅ ደህና መሣሪያ የሚያሻው ለእርሱ ነው።

ባለ ሱቁ የሚሸጠውን መሣሪያ ራሱ ሊፈትነው ይችላል። ማዕዘን መለኪያውን በአንድ ቀጥ ያለ ጣውላ ጠርዝ ላይ አስደግፎ መስመር ያስምር፤ ከዚያም መለኪያውን ገልብጦ በዚያው ነጥብ ላይ እንደገና ያስምር፤ ሁለቱ መስመሮች አንድ ላይ ከዋሉ መለኪያው ቀና ነው፤ ከተራራቁ ጠማማ ነው፥ ወደ ላከው ይመለስ። ውሃ ልክም እንዲሁ ነው፤ በአንድ ቦታ ላይ አኑሮ የአረፋውን ቦታ ያስተውል፤ ከዚያም ግራውን ወደ ቀኝ አዙሮ በዚያው ላይ ሲያኖረው አረፋው በዚያው በኩል በተመሳሳይ ቦታ ካልታየ ውሃ ልኩ ይዋሻል። ይህ ፈተና ከሁለት ደቂቃ የበለጠ አይፈጅም፤ ነገር ግን በገዢውና በባለ ሱቁ መካከል የዓመታት መተማመንን ይተክላል።

የጀማሪውም ድርሻ መነገር አለበት። ከሁሉ አስቀድሞ ከቀላሉ ወደ ከባዱ መሄድን ይልመድ። በፊንላንድ አገር በ1866 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የእጅ ሥራ በሕዝብ ትምህርት ቤት ግዴታ ሆኖ በታዘዘ ጊዜ፥ ልጆች የሚሠሩት ለቤታቸው የሚጠቅም ትንሽ ዕቃ ነበር፤ ይህንኑ መንገድ የተከተሉት የስዊድን መምህራንም ሥራዎቹን ከቀላሉ ወደ ከባዱ በተራ አስቀመጧቸው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውም ምክር ከዚህ የተለየ አይደለም። በቢቸናና በሞጣ ለሚጀምር ሰው ተገቢው ተራ፥ መጀመሪያ የምስማር ማስቀመጫ ሣጥን፥ ቀጥሎ በርጩማ፥ ከዚያም መደርደሪያ፥ በመጨረሻ መዝጊያ ማደስ ቢሆን መልካም ነው። የጣራ ሥራና የኤሌክትሪክ መስመር ግን ለባለሙያው ይተዉ፤ በእነዚህ ላይ የሚደረግ ስሕተት ጣውላ ሳይሆን ሕይወት ያስከፍላልና።

መደርደሪያን በተመለከተ ለጀማሪው ሁለት ነገር ማወቅ ይበቃዋል። 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ሳሙናና ስኳር የሚሸከም ከሆነ፥ ከደገፋ እስከ ደገፋ ያለው ርቀት ከ80 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ አለዚያ ከጊዜ በኋላ መካከሉ ይጎብጣል። ግድግዳው በጭቃ የተመረገ እንደ ሆነ ደግሞ ምስማር በምርጊቱ ላይ ብቻ ቢመታ አንድ ቀን ከነዕቃው ይወርዳል። ግድግዳውን በጣት አጥንት እያንኳኩ ድምፁ የሚለወጥበትን ስፍራ በመፈለግ ቋሚውን እንጨት ማግኘትና ድጋፉን እርሱ ላይ ማሠር ያስፈልጋል። የደረቀ ባሕር ዛፍ ምስማር ሲመታበት ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ከምስማሩ ጥቂት በቀጠነ መሰርሰሪያ አስቀድሞ መብሳት ይገባል። መዝጊያ ላይም አንድ ነገር ይታወስ፤ በግንቦት በልኩ ተላግቶ የተገጠመ መዝጊያ በነሐሴ አብጦ አልዘጋ ይላል፤ ደህና አናጢ በበጋ ሲገጥም በዙሪያው ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት የሚተወው ስለዚህ ነው። ከዚህም ሁሉ በላይ፥ አሥር ጊዜ ለካ አንድ ጊዜ ቁረጥ የሚለውን የአባቶች ትእዛዝ የሚያህል ትምህርት አይገኝም።

በዚህ አሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። አንደኛው፥ «ሁሉ ሰው ለራሱ ከሠራ የአናጢው እንጀራ ይቆረጣል» የሚለው ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። መላጊያ ይዞ የማያውቅ ሰው የአናጢውን ዋጋ ሲከራከር፥ የሚከፍለው ለእንጨቱ ብቻ ይመስለዋል። አንድ መዝጊያ ለማቃናት ሦስት ቀን የደከመ ጀማሪ ግን፥ የሙያን ዋጋ በገዛ ወገቡ ያውቀዋልና በአናጢው ላይ አይከራከርም፤ ከሥራም መካከል ጥሩውን ከመጥፎው ለይቶ ይገዛል። ጉዳት የሚደርስበት እርጥብ እንጨት በቀለም ሸፍኖ የሚሸጠው ብቻ ነው፤ እርሱም ቢጎዳ የሚያዝን የለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ከባድ ነው፤ የሚያነሣውም ራሱ ነጋዴው ነው። «ጣውላን ዓመት ሙሉ ማስቀመጥ ገንዘብን ዓመት ሙሉ ማሰር ነው፤ እርጥቡን ሸጬ ገንዘቤን በዓመት ብዙ ጊዜ ባዞረው አተርፋለሁ» ይላል። ይህ ስሌት ሐሰት አይደለም፤ የተቸገረ ገንዘብ ሊተኛ አይወድም። ነገር ግን መፍትሔው እርጥቡን ደረቅ ነው ብሎ መሸጥ አይደለም። ነጋዴው ካለው ጣውላ ከአሥር አንዱን ብቻ ለይቶ ያድርቅ፤ ዘጠኙን በእርጥብነቱ፥ «እርጥብ» ብሎ ጽፎበት፥ በእርጥብ ዋጋ ይሽጥ። ደረቁንም «ደረቅ» ብሎ፥ የቆየበትን ጊዜ፥ የቦታውን ኪራይና የገንዘቡን ወለድ ጨምሮ በግልጥ በበለጠ ዋጋ ይሽጥ። ገዢው ሁለት ዋጋ አይቶ ምክንያቱን ከጠየቀና ከተረዳ፥ ለመዝጊያው ደረቁን፥ ለአጥሩ እርጥቡን መግዛቱ አይቀርም። በሚቀጥለው ዓመት ከአሥር ሁለቱን፥ በሦስተኛው ሦስቱን ማድረቅ ይቻላል። ሳያስታውቁ እርጥብ የሚሸጡት የዛሬውን ትርፍ ያገኛሉ፤ ገዢው ግን ከመዝጊያው ክፍተት ፊት በቆመ ቁጥር የሻጩን ስም ያስታውሳል።

ከዚህ ጋራ ለጀማሪው የሚመች አሻሻጥ መልመድ ያስፈልጋል። ጀማሪው ምስማር በካርቶን፥ ጣውላ በመኪና አይገዛም። ግማሽ ኪሎ ምስማር፥ ሁለት ማጠፊያ ከነብሎናቸው፥ በልክ የተቆረጠ አንድ ሜትር ጣውላ፥ ትንሽ ቆርቆሮ ኮላ ይበቃዋል። ትርፉ በአንዱ ገዢ ላይ ትንሽ ቢመስልም፥ ሣጥን የሠራ ሰው መደርደሪያ ሊሠራ፥ መደርደሪያ የሠራም ቀለምና ቫርኒሽ ሊገዛ ተመልሶ ይመጣል። ባለ ሱቁም የራሱን መደርደሪያ በገዛ እጁ ቢሠራ፥ የቱ ማጠፊያ እንደሚጮህ፥ የቱ ምስማር እንደሚጎብጥ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሥራው ያውቃል፤ ለአስመጪውም የሚልከው ትእዛዝ በዚያው ልክ የታረመ ይሆናል።

የሁለቱ ከተሞች ነጋዴዎች በዚህ ጉዳይ ቢመካከሩ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ሦስት ነገሮችን ሊወስኑ ይችላሉ፤ በየሱቁ «እርጥብ» እና «ደረቅ» የሚል ጽሑፍ እንዲለጠፍ፤ ተፈትኖ ጠማማ የተገኘ መለኪያ ከሱቅ እንዲወጣና ለአስመጪው እንዲመለስ፤ ከታወቁ አናጢዎች ጋራ ተስማምቶ፥ ለአናጢው ተገቢውን የድካም ዋጋ እየከፈሉ፥ በወር አንድ ጊዜ ለጀማሪዎች ትምህርት እንዲሰጥ። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ጣውላ መደርደር የጀመረ ባለ ሱቅ፥ በተከታዩ ዓመት መስከረም የሚሸጠው ደረቅ እንጨት ይኖረዋል። ዘንድሮ ያልደረደረ ግን ያን ጊዜም የሚሸጠው ውሃ ያዘለ ጣውላ ብቻ ይሆናል።